የእናቴ ቋጠሮ

እናቴ የወደቀችው እሑድ ማታ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ባደግንበት ቤት፣ የማድቤቱን ደረጃ ስትወርድ። ጎረቤቶቿ ይዘዋት አዲስ አበባ ሲደርሱ ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ የዳሌ አጥንቷ መሰበሩንና ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ነገረን። ከእሱ ቀጥላ ያነጋገረችን የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ናት። ቅድሚያ ክፍያ 60,000 ብር።

ባለቤቴን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነን። እሱ መሐንዲስ ነው። እኔ ደግሞ፣ ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል፣ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ድርጅት ገንዘብ ስቆጥር፣ የ50 ሳንቲም ልዩነት ስፈልግ ቢሮ ሳመሽ የኖርኩ ሴት ነኝ። ስልኮቻችንን ከፍተን ያለንን ደመርነው፤ 3,180 ብር። ደመወዝ ከገባ ገና 16 ቀኑ ነበር።

ወንድሜ ከሐዋሳ 25,000 ላከ። የባለቤቴ ጓደኛ 10,000 ጨመረ። መሥሪያ ቤቴ ከደመወዜ ላይ 10,000 ቀድሞ ሰጠኝ። 15,000 ጎደለ። የእናቴን ልብስ ለመውሰድ ቤት ስገባ በቤት ሥራ የምታግዘን ልጅ በር ላይ ተቀበለችኝ፤ ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፤ ፊቴን አይታ ደግሞ ሌላውን ገመተች።

«እትዬ፣ ብር ከጎደለዎት እኔ ጋ አለ።»

«ምን አለ?»

«ብር ነዋ። ቅዳሜ ዕቁብ ደርሶኛል።»

እኛ የምንከፍላት በወር 5,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ በየሳምንቱ 500 ብር እየጣለች፣ 40 ሰዎች ባሉበት ዕቁብ ተራዋን ጠብቃ 20,000 ብር ደርሷታል። ሐሳቧ ከእህቷ ጋር የኤሌክትሪክ ምጣድና መነሻ ጤፍ ገዝታ እንጀራ ጋግራ መሸጥ ነው። «ለመስከረም ነው የምፈልገው» አለችኝ። «እስከዚያ ከመለሱልኝ ለእማማ ይሁን።» 15,000ውን ቆጥራ ስትሰጠኝ የያዘችው ሁሉ መቶ መቶ ብር ነበር። የማመስግንበት ቃል አጣሁ። የማፍርበት ግን አላጣሁም። ሁለት ደመወዝ የሚገባበት ቤት፣ በቤቱ ትንሹን ደመወዝ ከምታገኘው ሰው ተበደረ።

እናቴ ቀዶ ሕክምናው ተሳካላትና ከዘጠኝ ቀን በኋላ እኛ ቤት ገባች። ሳሎናችን ውስጥ አልጋ ዘርግተንላት ወደ ውጭ በሩ ፊቷን አድርጋ ትውላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳና አንድ ወጣት በሞተር ሳይክል ያመጣውን ካርቶን አስረከበን።

«ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

ከፈትኩት። አትክልት የሚከታትፍ የፕላስቲክ ዕቃ ነው።

«ማን አዘዘው?»

«እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

ሌላ ምንም አላለችም። ያቺ አንዲት ቃል ግን ቀኑን ሙሉ አብራኝ ዋለች። ሥራ ላይ አንድ ሰው መጥቶ ስለ አንድ ወጪ «እኔ ነኝ መሰለኝ» ቢለኝ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እስክለጥፈው አልተኛም።

እኔ ልጅ ሳለሁ እናቴ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ትሸጥ ነበር። ብሯን የምታስቀምጠው መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ነው። ቋጠሮው አንድ አልነበረም፤ የእድሩ ለብቻ፣ የጤፉ ለብቻ፣ የእኛ የደብተርና የእርሳስ ለብቻ። ከረሜላ ግዢልኝ ብዬ ካስቸገርኳት መጀመሪያ በእጇ የያዘችውን ታስቀምጣለች። ከዚያ ፊቷን ከሰው ዘወር ታደርጋለች፣ ነጠላዋን ትገልጣለች፣ ትክክለኛውን ቋጠሮ በጣቷ ትፈልጋለች፣ ጠብቆ እምቢ ካላት በጥርሷ ትፈታዋለች። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ አጠገቧ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ እሷ ፈትታ ሳትጨርስ «በቃ ይቅር» እላት ነበር። አንዳንዴ ደግሞ እሷ ራሷ እጇ ቋጠሮው ላይ እንዳለ ቆም ትልና «ነገ» ትላለች። ያን ጊዜ ድህነታችን ነበር የሚመስለኝ። አሁን ሳስበው ድህነቱ እንዳለ ሆኖ፣ እናቴ አንዲት ብር ስትወጣ ሁልጊዜ እዚያው ነበረች። ሳታያት የወጣች ብር የለችም።

የእኔ ብር ቋጠሮ የለውም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ ነኝ፤ ዛሬም አልጠላውም፤ የመብራትና የውኃ ሰልፍ ያስቀረልኝ እሱና የባንኮቹ መተግበሪያዎች ናቸው። ነገር ግን አውራ ጣቴ የምትከፍልበት ፍጥነት አእምሮዬ ከሚያስብበት ፍጥነት ይበልጣል። አልጋ ላይ ጋደም ብዬ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ መብራቱ ጠፍቶ መክፈል እችላለሁ። እከፍልም ነበር።

በዚያው ሳምንት ትልቋ ልጄ ያልጨረሰችውን አሮጌ ደብተር ወስጄ፣ ከባንክና ከቴሌብር የመጡልኝን የሦስት ወር መልእክቶች አንድ በአንድ በእጄ ገለበጥኳቸው። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ትልልቆቹን ወጪዎች አውቃቸዋለሁ፤ የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ክፍያ፣ የትምህርት ቤቱ ተርም ክፍያ፣ ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ትራንስፖርቱ። የማላውቃቸው ትንንሾቹ ነበሩ። እያንዳንዱን መስመር ስጽፍ ራሴን የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ይህን አስታውሰዋለሁ? ምን እንደገዛሁ፣ ከማን ጋር እንደነበርኩ፣ ቢያንስ ዕቃው አሁን የት እንዳለ ማስታወስ ካልቻልኩ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበታለሁ። ሁለተኛው ምሽት ሲያልቅ ቀዩን ደመርኩት። በወር በአማካይ 7,400 ብር። እናቴን ለማሳከም ከልጅቷ የተበደርነውን በሁለት ወር ከሞላ ጎደል ይከፍል ነበር።

ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚመክሩ ሰዎች ማኪያቶውን ተዉ ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። የእኔ ማኪያቶ ግን ቀይ ውስጥ አልገባም። ከባልደረባዬ ጋር 10 ሰዓት ላይ የምንጠጣትን አስታውሳታለሁ፤ ስለ ምን እንዳወራን፣ በምን እንደሳቅን ሁሉ። ለአራስ ጥየቃ የያዝኩት፣ ለለቅሶ ያዋጣሁትም ቀይ ውስጥ አልገባም። ቀይ ውስጥ የገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የተከፈለው ነው። መልእክቱ ሰዓቱን ስለሚጽፍ መካድ አልቻልኩም። ዓርብ ማታም ይበዛል። አለቃዬ ስብሰባ ላይ ከተናገረኝ ቀን ማታ ደግሞ ያለ ጥርጥር አንድ ነገር ገዝቻለሁ፤ ሁለት ሰዓት ከስብሰባው በኋላ ራይድ፣ ከዚያ ለልጆቹ ፒዛ፣ ከዚያ በተኛሁበት አንድ የማላስፈልገው ነገር። ገንዘቤን የጨረሰው ፍላጎቴ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በደስታ ነበር የሚያልቀው። የጨረሰው ድካሜ ነው።

በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤታችን ስለ ሥራ ውጥረት የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጥቶን ነበር። አሠልጣኟ ለእያንዳንዳችን አንዲት የዘቢብ ፍሬ ሰጠችንና እንዳንበላት ነገረችን። መጀመሪያ እዩዋት፣ አገላብጧት፣ አሽትቷት፣ ከንፈራችሁ ላይ አድርጓት፤ ከዚያ በዝግታ አኝኳት። ዘዴውን ያስፋፉት በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የውጥረት መቀነሻ ክሊኒክ ያቋቋሙት ጆን ካባት-ዚን እንደሆኑ ነገረችን። ያን ቀን ከጎኔ ከተቀመጠችው ጓደኛዬ ጋር ስንስቅ ነው የዋልነው። «ለአንዲት ዘቢብ አምስት ደቂቃ? አንድ ኪሎ ቢሰጡን ጡረታ ልንወጣ ነው» ብላኝ ነበር። ዘቢቧን አፌ ውስጥ አድርጌ ሳስብ የነበረው ደግሞ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ደብተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ግን ነገሩ ገባኝ። ሴትዮዋ የምታስተምረን እኛ ቀልብን መሰብሰብ የምንለውን ነው። እናቴ ቋጠሮዋን ስትፈታ የምታደርገውም ያንኑ ነበር፤ ስሙን ባታውቀውም። እጅ ከመሥራቱ በፊት ልብ ይደርሳል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳነብ ሃኒ ሞቶኮ የምትባል ጃፓናዊት ጋዜጠኛ አገኘሁ። ከባለቤቷ ጋር ለቤተሰብ የሚሆን መጽሔት ታዘጋጅ ነበርና በ1904 እ.ኤ.አ. ለቤት እመቤቶች የሚሆን የወጪ መመዝገቢያ ደብተር አሳተመች። ጃፓኖች ካኬቦ ይሉታል፤ ዛሬም በእጅ ይሞላሉ። አሁን የሚታተሙት ብዙዎቹ ወጪን በአራት ይከፍሉታል፤ ግድ የሆነ፣ የተፈለገ፣ ለአእምሮ የሚሆን እንደ መጽሐፍና ቲያትር ያለ፣ እና ድንገተኛ። ሦስተኛው ክፍል ደስ አለኝ። እኛ ቤት በሦስት ወር ውስጥ ለመጽሐፍ የወጣ አንድም ብር አልነበረም።

እኔ አራቱን ወስጄ አምስተኛ ዓምድ ጨመርኩ። «ምን ሆኜ ነው?» የሚል። ሕጉ አንድ ነው፤ የምጽፈው ከከፈልኩ በኋላ ሳይሆን ከመክፈሌ በፊት ነው። ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ ደብተር ማውጣት ምን እንደሚመስል አልደብቃችሁም። ከኋላዬ ያለው ሰው «እህቴ፣ ፈተና ላይ ነሽ እንዴ?» ብሎኛል። ልጆቼ ከእኔ ጋር ገበያ መውጣት ያፈሩበት ሰሞንም ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ደብተሩን ሆን ብዬ ማድቤት አስቀመጥኩት። አልጋ ላይ ሆኜ የሆነ ነገር መግዛት ካማረኝ ተነሥቼ፣ ብርድ ላይ ወጥቼ፣ መብራት አብርቼ መጻፍ አለብኝ። አብዛኛውን ጊዜ ከብርድ ልብሱ አልወጣሁም። በአምስተኛው ዓምድ «ደክሞኛል» የሚለው ቃል ስለበዛ በኋላ «ደ» ብቻ እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። «ደ» ሲመጣ ገላዬን ታጥቤ መተኛት እንደሚሻለኝ ለማወቅ 41 ዓመት ፈጀብኝ።

ባለቤቴ መጀመሪያ አልወደደውም። «ቢሮሽን ቤት ይዘሽ መጣሽ» አለኝ። አልገፋሁትም። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ፣ የራሴን ቀይ መስመሮች አነበብኩለት፤ የእሱን አልጠየቅሁም። ሁለተኛው ወር ላይ፣ ሁለተኛው ሲኒ ሲቀዳ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከደመወዙ ላይ በየወሩ 3,000 ብር እንደሚቆረጥበት ነገረኝ። የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ ለመሙላት ከመሥሪያ ቤታቸው የብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበድሮ ነበር። ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ «ጠይቀሽኝ አታውቂማ» አለ። እውነቱን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር ስለ ገንዘብ ተጨቃጭቀን እናውቃለን፤ ስለ ገንዘብ ተቀምጠን ተነጋግረን ግን አናውቅም ነበር።

ደብተር ጤፍን አያረክስም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኑሮው እንዴት እንደከበደ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ደመወዛቸው ከወር ወር ማድረስ ለማይችል ሰዎች «ቀልባችሁን ሰብስቡ» ማለት ስድብ ነው፤ እነሱ ከእኔ በላይ ሰብስበዋል፤ ቤቴ ውስጥ አይቻለሁ። እኔ የምናገረው እንደኛ ያለውን ነው፤ ትንሽ የሚተርፈው፣ የተረፈውም የት እንደገባ የማያውቀውን።

ለልጅቷ ሰኔ ላይ 4,500፣ ሐምሌ ላይም 4,500 መለስን። 6,000 ቀረ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሁለቱ ልጆች የመመዝገቢያ ክፍያ መጣ፣ ደብተር አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ ከፊታችን ደግሞ እንቁጣጣሽ። አንድ ማታ ደብተሩን ይዤ ማድቤት ተቀመጥኩ። የመፍትሔው ሐሳብ በጣም በቀላሉ መጣልኝ። ልጅቷ አስተዋይ ናት፤ ትረዳናለች፤ ቀሪውን ኅዳር ላይ እንሰጣታለን። ሕዳር፣ ቢበዛ ታኅሣሥ። የመመዝገቢያውን ክፍያ ጻፍኩ። አምስተኛው ዓምድ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ምን ሆኜ ነው?

ቆይቼ ሳየው ከሐሳቡ ሥር ሌላ ሐሳብ ተኝቶ ነበር። ብሩ ከዘገየ እሷም ትዘገያለች። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ በምርኩዝ የምትሄድ እናት አለችኝ፤ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት፤ እንድትሄድ አልፈልግም። ዕዳዋን ይዤ ላቆያት ነው። እንዲህ ብዬ አስቤ አላውቅም ማለት እችል ነበር፤ ደብተሩ ባይኖር አስቤውም ሳላውቀው አደርገው ነበር። ዓምዱ ላይ ግን ጻፍኩት፤ «እንዳትሄድብኝ ፈርቼ»። ጽፌው ካየሁት በኋላ ማድረግ አልቻልኩም።

ለባለቤቴ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ዝም አለና፣ «እኔም አስቤው ነበር» አለ።

ትምህርት ቤቱን ለመንን፤ የመመዝገቢያውን ግማሽ መስከረም ላይ እንድንከፍል ፈቀዱልን። ለእንቁጣጣሽ በግ አልገዛንም፤ ዶሮ ሠራን። የልጆቹ አዲስ ልብስ ቀረ። ትንሹ አለቀሰ፤ ትልቋ ደግሞ ያው ከሱፐርማርኬት ሰልፍ ጀምሮ ለምዳዋለች። ጳጉሜን 3 ቀን 6,000 ብሩን ሰጠኋት። ፊት ለፊቴ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው፤ አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ሥራዬ ስለሆነ አከበርኳት። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለችኝ፤ «እኔ እንኳ ኅዳር ይሆናል ብዬ ነበር።»

መስቀል ካለፈ በኋላ ሄደች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ ባለቤቴ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ የት የት እንደሚጫን ተማረ፤ ትልቋ ልጄ ምሳ ዕቃ ታጥባለች፤ እናቴ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ያ የፕላስቲክ መከታተፊያ ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ እናቴ ቢላዋ ይሻለኛል ትላለች።

አሁን እንጀራ የምናመጣው ከልጅቷ ነው። ከእህቷ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ሁለት ምጣድ ይጥዳሉ። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ አሥር እንጀራ አስቆጠርኩ። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፤ ግድ የሆነ፣ አምስተኛው ዓምድ ባዶ። ስልኬን ሳወጣ ባትሪው አልቋል። ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ ከ80 ብር በላይ የለም።

«ምንም አይደል እትዬ» አለችኝ። ከምጣዱ ጎን ከተሰቀለው ፌስታል ውስጥ የራሷን ደብተር አወጣች፤ የልጆች ባለ 50 ገጽ፣ ጥግ ጥጉ ሊጥ የነካው። እስክሪብቶውን ከጆሮዋ ላይ አንሥታ ስሜን ጻፈች፤ ከስሜ ጎን ቀኑን፤ ከቀኑ ጎን የአሥር እንጀራ ዱቤ።

«ማክሰኞ ያምጡልኝ» አለችኝ።